ቅዝቃዜ የማይሸጥበት የማቀዝቀዣ ንግድ

በሐምሌ አጋማሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሚሠራ የኤይር ኮንዲሽነር ባለሙያ ከሚደርሱት የስልክ ጥሪዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። ደዋይዋ እናት፣ «ልጄ፣ አዲሱ ማሽን ቤቱን አቀዝቅዞታል፤ ግን አልተመቸንም። አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል፤ ልጆቹም ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ» ይላሉ። ባለሙያው ሲደርስ ቴርሞስታቱ 72 ዲግሪ ፋራናይት ያሳያል። ልክ ነው። ከቦርሳው የእርጥበት መለኪያውን ሲያወጣ ግን 68 በመቶ ይነበባል። ውጭ የተተከለው ማሽን ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል ያጓራል፤ ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል። ማሽኑ አልተበላሸም። ጥፋቱ ለቤቱ ከሚገባው በላይ ትልቅ መሆኑ ነው። እናቲቱም «ትልቁን አድርግልኝ» ብለው ተጨማሪ ገንዘብ የከፈሉት ለዚሁ ትልቅነቱ ነበር።

ይህን ዓይነት ጥሪ በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የሥራው ሳይንስም፣ ንግዱም፣ አደጋውም በዚህ በአንዱ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ከአገር ውጭ ካሉት ማኅበረሰቦቻችን ትልልቆቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ታክሲው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ሆቴሉና ምግብ ቤቱ ለአዲስ መጪ የመጀመሪያ እንጀራ ሆነው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ኡበር ከተማዋ ከገባ ወዲህ ታክሲው እንደ ድሮው አልሆነም። በየቡናው ላይ «ምን ሙያ ልማር?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ከሚጠቀሱት መካከል የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥራ አንዱ ነው። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የሙያውን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 57,300 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል። ይህ የተቀጣሪው ነው። የባለቤቱ ነገር ሌላ ሒሳብ አለው፤ እንመለስበታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው የዚህን ማሽን ምሥጢር ግማሹን ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃ የሚፈላውም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ እየተንተከተከ ባቄላው አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ፕሬሸር ኩከር ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ውኃው የሚፈላበትም ሙቀት አብሮ ይወጣል። መፍላት የሙቀት ብቻ ሳይሆን የግፊትም ጉዳይ ነው ማለት ነው። ግፊቱን በእጁ ያደረገ ሰው ፈሳሹ በስንት ዲግሪ መፍላት እንዳለበት ያዛል።

በኤይር ኮንዲሽነር ቱቦዎች ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የሚፈላ ነው። ቤት ውስጥ ባለው፣ ኮይል በሚባለው ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ተመጥኖ 40 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ እንዲፈላ ይደረጋል። ለመፍላት ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው በላዩ ከሚያልፈው የክፍሉ አየር ነው። ኮምፕሬሰሩ ተንኖ የመጣውን ጋዝ ይጨምቀዋል። ጋዙ ሲጨመቅ ከውጭው የሐምሌ አየር ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለሆነም ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውኃ የሚበርደውም በዚሁ ሕግ ነው፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ የወዛው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ የእንስራው ውኃ ተንኖ የሚቀር፣ የማሽኑ ጋዝ ግን ተመልሶ የሚመጣ መሆኑ ነው። ሂት ፓምፕ የሚባለው ማሽን ደግሞ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ቫልቭ ተጨምሮበታል፤ በብርድ ወራት ከውጭው ቀዝቃዛ አየር እንኳ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል።

ስለዚህ በዚህ ንግድ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚባል ሸቀጥ የለም። ደንበኛው የሚከፍለው ሙቀትና እርጥበት ከቤቱ እንዲወጡለት ነው፤ ዋናው ጥያቄም ሁልጊዜ «ምን ያህል?» የሚለው ነው።

መጠኑ የሚነገረው በቶን ነው። ብዙ ደንበኛ የማሽኑ ክብደት ይመስለዋል። ቃሉ ግን ከበረዶ ዘመን የቀረ ነው። አንድ ቶን፣ ማለትም 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ የሚውጠው ሙቀት በሰዓት ሲካፈል 12,000 ቢቲዩ ይሆናል። አንድ ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውኃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ዋሽንግተን በዚህ የበረዶ ታሪክ ውስጥ የራሷ ገጽ አላት። ፕሬዝዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሐምሌ 2 ቀን 1881 በከተማዋ የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመትተው በዋይት ሐውስ ተኝተው ሳሉ፣ የባሕር ኃይል መሐንዲሶች በበረዶ ውኃ በራሰ ጨርቅ መካከል አየር የሚያሳልፍ መሣሪያ ሠርተው ክፍላቸውን አበረዱላቸው። በረዶው በቶን ተቆጥሮ አለቀ፤ ፕሬዝዳንቱም መስከረም 19 ቀን አረፉ። ዛሬ በየጓሮው የሚያጓራው ማሽን አባት የሆነው ዊሊስ ካሪየር የተነሣው ከዚያ በኋላ፣ በ1902 ነው። የሚገርመው ካሪየር የተጠራው ሰው ስለሞቀው አለመሆኑ ነው። ብሩክሊን ውስጥ የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ እየሰፋ፣ ሲደርቅ እየጠበበ ቀለሞቹ አልገጥም አሉት። ካሪየር የሠራው እርጥበትን የሚቆጣጠር መሣሪያ ነበር። ከዚያ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ በ1928፣ ሴኔቱ በ1929፣ የዋይት ሐውስ ጽሕፈት ቤትም በ1930 ይህን አየር አገኙ።

በሲልቨር ስፕሪንግ የእናቲቱ አንሶላ የካሪየር ወረቀት ነው። ሒሳቡን እንየው። ባለ 3 ቶን ማሽን በሰዓት 36,000 ቢቲዩ ያወጣል። ከዚህ ሩቡ፣ ማለትም 9,000 ቢቲዩ፣ እርጥበትን ለማውጣት ዋለ እንበል። አንድ ፓውንድ የውኃ ተን ወደ ውኃ ሲመለስ 1,060 ቢቲዩ ገደማ ይለቃል። እንግዲህ ማሽኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ8 ፓውንድ በላይ፣ ወደ አንድ ጋሎን የሚጠጋ ውኃ ከክፍሉ አየር ለቅሞ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይደፋል። ይህ ቱቦ በዝልግልግ ቆሻሻ ተደፍኖ ቤዝመንቱ ሲጥለቀለቅ የሚመጣው ጥሪም የበጋው ቀለብ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮይሉ ገና እየቀዘቀዘ ነው፤ ቀጥሎ ላብ ማውጣት ይጀምራል፤ ጠብታው ተጠራቅሞ የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከልክ ያለፈ ትልቅ ማሽን ግን አየሩን በስድስት ደቂቃ አብርዶ ይቆማል፤ ኮይሉ ላይ የቀረው ውኃም ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይተናል። ቤቱ የቀዘቀዘ ዋሻ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩም በየጊዜው መነሣቱ ዕድሜውን ይበላዋል።

ታዲያ ስንት ቶን ያስፈልጋል? በመንገድ ያለው መልስ «በየ500 ካሬ ጫማው አንድ ቶን» የሚል ነው። 2,000 ካሬ ጫማ ከሆነ 4 ቶን፤ አለቀ። ሙያው ራሱ የሚያዘው ግን ማንዋል ጄ በሚባለው፣ የአሜሪካ የአየር ማቀዝቀዣ ተቋራጮች ማኅበር በሚያሳትመው ስሌት እንዲሠራ ነው። የግድግዳው ኢንሱሌሽን፣ የመስኮቱ ስፋትና ወዴት እንደሚያይ፣ የጣሪያው ቀለም፣ የሚሾልከው አየር፣ የነዋሪው ቁጥር ሁሉ ይገባበታል። ይህን ያደረገ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ መልስ ያነሰ ቁጥር ያገኛል። ያኔ ደንበኛው ፊት ቆሞ «ትንሹ ይሻልዎታል» ማለት አለበት፤ ጎረቤቱ ተቋራጭ ደግሞ ትልቁን በተቀራራቢ ዋጋ አቅርቧል። የሙያው ፈተና ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስሌቱ ወደ ላይም ይሠራል። በሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪትና ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን አንዱን እናስብ። እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሚስቡ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት ቢጣዱ 4,500 ዋት ነው፤ ይህም በሰዓት ከ15,000 ቢቲዩ በላይ፣ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ጭነት ነው። ከእንጀራው የሚወጣው እንፋሎት፣ የቡናው ቁላትና ዕጣኑ ገና አልተቆጠሩም። ምጣድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ባለሙያ ያንን ክፍል እንደ ማንኛውም ሱቅ ቆጥሮት ይሄዳል። የኛ ሰው የሚያውቀው ነገር ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ዕውቀት ሲሆን እንዲህ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በቤልትዌይ ዞሮ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ የውድሮ ዊልሰን ድልድይን መሻገር ይበቃል። ለዚህ ሙያ ሰው ግን ድልድዩ ፈቃድ ይለውጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ተለማማጁ ተመዝግቦ ማስተር ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ቢያንስ 4 ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ ጆርኒማን ይባላል። ሌላ 3 ዓመት ሠርቶ ፈተናውን ሲያልፍ ማስተር ይሆናል። ቨርጂኒያ በበኩሏ ለጆርኒማንነት 4 ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት የክፍል ትምህርት ትጠይቃለች፤ ከዚያ በኋላ ማስተር ለመሆን አንድ ዓመት ይበቃል፤ ድርጅቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚባል የተቋራጭ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በመሐል ያለችው ዲሲም የራሷ ሕግ አላት። ከሦስቱም በላይ፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለበትን ማሽን የሚከፍት ሰው ሁሉ «608» በሚል የሚታወቀውን የፌዴራል ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። ይህኛው የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ያለፈውም ዕድሜ ልኩን ይይዘዋል። ብዙ ሰው በዚህ ይጀምርና «ላይሰንስ አለኝ» ይላል። የለውም። የያዘው ጋዙን የመንካት ማረጋገጫ እንጂ ሥራ የመዋዋል ፈቃድ አይደለም።

አምስት ኪሎ ቴርሞዳይናሚክስ ተምሮ በዲግሪ የተመረቀ ሰው እዚህ መጥቶ፣ በቨርጂኒያ ቤት ወለል ሥር በደረቱ እየተሳበ የዳክት ቀዳዳ ሲያሽግ መዋል ይከብደዋል። ዲግሪው ባይቆጠርለትም ዕውቀቱ ግን አይባክንም። የግፊትና የሙቀት ሠንጠረዥ ሲያነብ ከሌላው ተለማማጅ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። የሚቀረው የእጅ ሥራው ነው፤ መዳብ መበየድ፣ ቆርቆሮ መቁረጥ፣ በጣሪያ ሥር በ130 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት ውስጥ ትዕግሥት አለማጣት።

ማስተር ሆኖ የራሱን ቫን የገዛ ቀን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጀመራል። ቫኑን በዕቁብ የገዛም አይታጣም። ኢንሹራንሱ፣ የከተማው የሥራ ፈቃድ ክፍያ፣ በጅምላ ሻጩ ዘንድ የተያዘው ዱቤ፣ የመለኪያ መሣሪያው፣ ስልክ የምታነሣው ልጅ ደመወዝ፣ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ጥሪ ላይ ይወጣል። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ለዕቃው እስከ 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ የዕቃ መለወጫውን ጉልበት ግን አይከፍልም። ስለዚህ በጥድፊያ ተሠርቶ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያስጠራ ሥራ ትርፉን ይዞ ይሄዳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ካስጠራ ባለቤቱ ከኪሱ እየሠራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይሉኝታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። «ለኛ ደግሞ ስንት ታደርግልናለህ?» ይባላል። ባለሙያው ያፍርና ስሌቱን ይተወዋል፤ ለከተማው የፈቃድ ወረቀት ሳያወጣ ይሠራል፤ በመለኪያ ሳይሆን በእጁ ቱቦውን ዳስሶ ጋዝ ይሞላል። ርካሽ የሆነው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሥራውም ነው። ወገን የተባለው ደንበኛ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ኮምፕሬሰር ይገዛል። እኔ እንደማየው ለወገን ማድላት ከተፈለገ ዋጋውን ቀንሶ መለኪያውን ከመተው፣ መለኪያውን ይዞ ዋጋውን በግልጽ መናገር ይሻላል።

ወራቱም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አገር ቤት ክረምት የምንለው ሰኔና ሐምሌ እዚህ የሚያቃጥለው ጊዜ ነው፤ በጋ የምንለው ጥር ደግሞ ቱቦ የሚሰነጥቅ ብርድ ነው። ደንበኛው «በክረምት መጥተህ ነበር» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማይፈለግበት ጊዜ ይመጣል፤ ስልኩ ዝም ይላል። በሐምሌ ያልቆጠበ ባለቤት በጥቅምት ይጾማል። እኔ ራሴ በምኖርበት የቆየ ሕንፃ ግን ጥቅምት የጠብ ወር ነው። ሙቅም ቀዝቃዛም ውኃ የሚሄድበት ቱቦ አንድ ስለሆነ ሕንፃው በሙሉ ወይ ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን መስኮት ከፍቶ ሲያድር ጥላ ያለው ጎን ብርድ ልብስ ይደርባል።

ጥቅምት ግን ለሙያው ሰው ከሁሉ የከበደ ሥራ የሚሠራበት ወር መሆን አለበት። ምክንያቱ ጋዝ ነው።

ነሐሴ 10 ቀን 2016 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች በተባለ የአፓርታማ መንደር አንድ ሕንፃ በጋዝ ፍንዳታ በከፊል ፈረሰ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ60 በላይ የሚሆኑ ነዋሪዎች ሆስፒታል ገቡ። ብዙዎቹ ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። የጋዝ መሥመር አደጋዎችንም የሚመረምረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 የደረሰበት መደምደሚያ፣ በምድር ቤቱ የቆጣሪ ክፍል ውስጥ የነበረ አሮጌ የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ፣ ጋዙን ወደ ውጭ ማውጣት የነበረበት ቱቦም ሳይገጠም ቀርቶ ነበር የሚል ነው። አንድ ያልተገጠመ ቱቦ። የፍንዳታው መነሻ የማንም ማሞቂያ አልነበረም፤ ነገር ግን በየቤቱ ምድር ቤት የሚገባ የሙያ ሰው ዓይኑ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያይ የሠለጠነ ካልሆነ ማን ያየዋል?

ሽታ የሌለው አደጋም አለ። ከሰል አፍኗቸው የሞቱ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይዞ አይለቅም። በጋዝ የሚሠራ ፈርነስ ውስጥም ያው ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ነበልባሉ አየር ሲያጥረው፣ የጭስ ማውጫው በወፍ ጎጆ ሲደፈን፣ ወይም ነበልባሉን ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት ሲሰነጠቅ ጭሱ በዳክቱ በኩል መኝታ ቤት ይገባል። የፊልተር ለውጥ ብቻ አድርጎ «ሰርቪስ ተደርጓል» ብሎ የሚሄድና የጭሱን ይዘት በመሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሄድ ሰው የተለያየ ሥራ ነው የሠሩት።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ጋዝም እየተለወጠ ነው። አር 22 የተባለው የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በአሜሪካ ምርቱም ግዢው ከውጭም እስከ 2020 መግቢያ ድረስ ቆመ። የተተካበት አር 410 ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 ጊዜ ይበረታል። አንድ ኪሎ ቢያመልጥ ሁለት ቶን ካርቦን እንደመልቀቅ ነው። በ2016 ኪጋሊ ላይ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ ነበር፤ በአሜሪካም ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ቁጥር ከ700 በላይ በሆነ ጋዝ አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣ እንዳይመረት ተደነገገ። ተተኪዎቹ አር 32 እና አር 454 ቢ በመጠኑ የመቀጣጠል ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ለአነስተኛው ድርጅት አዲስ መለኪያ፣ አዲስ የጋዝ መምጠጫ፣ አዲስ ጥንቃቄ ማለት ነው። በላዩ ላይ ሂት ፓምፕ ለሚያስገባ ቤተሰብ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ግብር ቅናሽ በ2025 ማብቂያ አብቅቷል፤ ሽያጩን በዚያ ላይ የመሠረተ ሰው ሒሳቡን እንደገና ሠርቷል።

ወደ እናቲቱ ቤት እንመለስ። ባለሙያው ማሽኑን ለማስቀየር አይቸኩልም። በመጀመሪያ የማራገቢያውን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል፤ አየሩ በኮይሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ብዙ ውኃ ይተዋል። የሚሾልከውን ዳክት ያሽጋል። ይህ ካልበቃ እርጥበት ብቻ የሚመጥ ማሽን ያስገባል፤ ዋጋው ከአዲስ ማቀዝቀዣ በብዙ ያነሰ ነው። ማሽኑ ዕድሜውን ሲጨርስ ግን ባለ 4 ቶኑ በባለ 3 ቶን እንደሚተካ በስሌት አሳይቶ ወረቀቱን ይተውላቸዋል። እናቲቱ ቁጥሩን አይተው «ቀነስክብኝ?» ይላሉ፤ ከዚያ «ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» ብለው ከሰሉን ለማያያዝ ይነሣሉ። እሱም መሰላሉን ሳያጥፍ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ቁልፍ ይጫናል፤ አይጮህም። ባትሪው አልቋል።